ኤ፣ ኢ፣ ኤን የጠፉበት ኪቦርድ፦ አዲስ ሳይገዛ በርካሽ ሚስተካከልበት ዘዴ ያለው? (ጅማ)

ኮፒ_ቤቷ
ሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲው ዋናው ግቢ አካባቢ ትንሽዬ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለችኝ፣ ሁለት ዴስክቶፕ አንድ ፕሪንተር በቃ ይሄው ነው ንብረቴ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ አንደኛው ኪቦርድ ላይ ፊደሎቹ አለቁ። ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኤን እና ኦ ጭራሽ የሉም፣ ጥቁር ባዶ ቁልፍ ሆነው እንደ መስታወት ያብረቀርቃሉ። ኤም ግማሿ ሄዷል፣ ኤል ደግሞ እግሯ ተበልቶ ቁመቷ ብቻ ስለቀረ ቁርጥ አይ መስላ ቁጭ ብላለች።

ለኔ ለራሴ ችግር የለውም፣ ሰባት አመት ስጽፍበት እጄ ያውቀዋል። የአክስቴን ልጅ ግን እንድትረዳኝ ብዬ አምጥቻት ገና እየለመደች ነው፣ ባለፈው አንድ ሰውዬ በኦሮምኛ ማመልከቻ አስጻፈ፣ ልጅቷ አይ ናት ብላ ስትመታ የዋለችው ኤልን ነበር፣ ጅማ የሚለው ሁሉ በአይ ፈንታ በኤል ተጽፎ አምስት ኮፒ ከወጣ በኋላ ነው ያየነው። ትንሿ ኤልና ትንሿ አይ ቸኩለሽ ስታያቸው አይለዩም። ሰውዬው ቢስቅልንም ወረቀቱ ከኔ ኪስ ሄደ።

በዛ ላይ በሰዓት እየከፈሉ ራሳቸው ሚጽፉ ተማሪዎች አሉ። አሁን ደሞ የሪሰርች ማስረከቢያ ሰሞን ነው፣ ቀኑን ሙሉ «እህቴ ኤን የት ናት?» «እህቴ ኦ ከፒ በፊት ነው በኋላ?» ሲሉኝ ነው ምውለው።

አዲስ ግዢ እንዳትሉኝ። እሱንም አይቻለሁ፣ አምና ርካሹን ገዝቼ በሦስት ወሩ ኤ ጠፋች። ይሄኛው ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ነው፣ አመታቱ ለጣት ደስ ይላል፣ ፊደሉ ብቻ ነው የከዳኝ። በኮሬክሽን ሞክሬው ነበር፣ በስቲኪኒ ቀስ አድርጌ ጻፍኩበት፣ ሁለት ቀን አልቆየም ተፈርፍሮ በቁልፎቹ መሃል ገባ፣ የአመልካች ጣቴ ጫፍ ደግሞ ነጭ ሆኖ ዋለ ዱቄት የነካሁ ነው ሚመስለው።

ዘዴ ያላችሁ ንገሩኝ።


ባለ_ጀበና
ሰኞ ማታ 2:52

ፐርማነንት ማርከር ግዢና ጻፊበት አለቀ


ኮፒ_ቤቷ
ሰኞ ማታ 2:55

@ባለ_ጀበና ቁልፉ ጥቁር ነውኮ ወንድሜ፣ ጥቁር በጥቁር ላይ ማን ያየዋል 😂


ባለ_ጀበና
ሰኞ ማታ 2:56

አሃ አላነበብኩትም ይቅርታ


ኪቶ_ልጅ
ሰኞ ማታ 3:10

ለተማሪዎቹ ከሆነ በነጻ ሚሆን ነገር አለ፣ የዊንዶውስ ቁልፍ ኮንትሮል እና ኦ ሦስቱን አንድ ላይ ስትጫኚ ስክሪኑ ላይ ኪቦርድ ይመጣል፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ይሰራል። እያዩ ይጽፋሉ። መልሰሽ ስትጫኚው ይጠፋል።


ኮፒ_ቤቷ
ሰኞ ማታ 3:21

@ኪቶ_ልጅ እሱን አላውቅም ነበር ተባረክ። ግን ሞኒተሬ ትንሽ ናት፣ ግማሹን ስክሪን በላብኝ፣ ወርድ ላይ የቀረው ሦስት መስመር ነው። ደግሞ እሷን ለመክፈትም ኦ የት እንዳለች ማወቅ አለባቸው እኮ 😂😂


ኪቶ_ልጅ
ሰኞ ማታ 3:23

ወይኔ እውነትሽን ነው


መርካቶ_ጥገና
ሰኞ ማታ 4:05

እህቴ እኔ እዚሁ ጅማ መርካቶ ኮምፒውተርና ስልክ ነው ምጠግነው፣ ይሄን ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ስለምሰማው ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ መብራት ሳይሄድ።

ፊደል በቁልፍ ላይ ሚወጣው በተለያየ መንገድ ነው። ርካሾቹ ላይ ቀለም ከላይ ይታተማል፣ ልክ እንደ ማህተም ማለት ነው፣ ቀለሙ ከፕላስቲኩ ጋር አልተዋሃደም ላዩ ላይ ነው የተቀመጠው። ላብ የእጅ ቅባት ጥፍር እየተፋተገ ያነሳዋል። ኮሮና ጊዜ እጃችንን በአልኮል እያራስን ስንነካካ ደግሞ ባሰበት። ሁለተኛው በሌዘር የተጻፈ ነው፣ ከዛ ትንሽ የተሻለ ይቆያል። ሦስተኛው ቀለሙ በሙቀት ፕላስቲኩ ውስጥ የሰረገ ነው፣ እሱ ቶሎ አይለቅም። አራተኛው ፊደሉ ራሱ ሌላ ቀለም ያለው ፕላስቲክ ሆኖ ከቁልፉ ጋር ተጋግሮ የተሰራ ነው፣ ቁልፉ ተበልቶ እስኪያልቅ ፊደሉ አብሮት አለ። ሲገዙ ጥፍር ማሳለፍ ነው፣ ፊደሉ ጠርዙ ጥፍር ላይ ከያዘ ከላይ የተቀመጠ ነገር ነው ማለት ነው፣ ጠርጥሪው።

እንደ መስታወት ያብረቀርቃሉ ያልሽው ፕላስቲኩ ኤቢኤስ ስለሆነ ነው፣ ኤቢኤስ በጣት ሲፋተግ ሻካራው ይላግና ይለሰልሳል። ፒቢቲ ሚባለው ፕላስቲክ እንደሱ ቶሎ አይለሰልስም ግን ብዙ ጊዜ ሻል ያለ ኪቦርድ ላይ ነው ያለው። እንደዛ የለሰለሰ ነገር ላይ ኮሬክሽን አይዝም፣ ሚይዝበት ሻካራ የለውማ፣ በዛ ላይ የእጅ ቅባት አለበት።

የኔ ምክር ከቀለም በፊት ከስክራፕ ፈልጊ። ሱቄ ውስጥ የሞቱ ኪቦርዶች ካርቶን ሙሉ አሉ፣ ሻይ የፈሰሰባቸው፣ ገመዳቸው የተቆረጠ። የሞተው ሰርኪዩቱ ነው ቁልፎቹ ጤነኛ ናቸው። ሞዴሉ አንድ ከሆነ ነቅሎ መትከል ነው። ኪቦርዱን ገልብጠሽ ከጀርባው ያለውን ጽሁፍ በስልክ አንሺና ነይ።

አነቃቀሉን ደግሞ ተጠንቀቂ፣ መጀመሪያ ገመዱን ንቀይ፣ ሙሉውን ፎቶ አንሺው (ይሄን ሚረሳ ሰው ብዛቱ!)፣ ከዛ ሁለት የወረቀት ክሊፕ ዘርግተሽ ጫፋቸውን እንደ መንጠቆ አጥፈሽ በቁልፉ በግራና በቀኝ አስገብተሽ ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ ሳቢ። በአንድ ጎን በስክሪው ድራይቨር ካነሳሽው እግሩ ይሰበራል። ስፔስን፣ ኢንተርንና ሺፍትን አትንኪያቸው፣ ከስራቸው የሽቦ ሚዛን አለ፣ ሽቦው ከወጣ መልሶ ማስገባቱ ያስለቅሳል።


ቁቤ_ጸሐፊ
ማክሰኞ ጠዋት 1:30

@መርካቶ_ጥገና ሁሉም ልክ ነው ግን አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ ቀኑን ሙሉ በአፋን ኦሮሞ ነው ምጽፈው። ቁቤ (የኦሮምኛው የላቲን ፊደል) ላይ ድምጹ ሲረዝም አናባቢውን ሁለቴ ነው ምንጽፈው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ተነባቢው ሁለቴ። ጅማ ራሷ ሁለት ኤም ናት። አንድ ገጽ ስጽፍ ኤን ስንት ጊዜ እንደምመታት ቆጥሬ ባላውቅም የግራ እጄ ትንሿ ጣት ማታ ማታ ትነግረኛለች ወላሂ።

ስለዚህ እህቴ ከስክራፕ ስትፈልጊ ኤዋ የደህና ሰው ኤ እንዳትመስልሽ። ጅማ ውስጥ የሞተ ኪቦርድ ሁሉ ኤው ቀድሞ ነው የሞተው 😄

(እርማት፦ ከላይ «ኤን» ያልኩት ኤን የምትባለዋን ፊደል ሳይሆን ኤ የምትባለዋን ነው። አማርኛችን እዚህ ላይ አስቸገረን)


ባለ_ጀበና
ማክሰኞ ጠዋት 1:41

😂😂😂 ኤን ኤን ሳይሆን ኤን


ኮፒ_ቤቷ
ማክሰኞ ጠዋት 2:15

@ቁቤ_ጸሐፊ ሃሃሃ ገለቶሚ። በአማርኛም ቢሆን ያው ነው፣ ግዕዝ ሶፍትዌሩ ላይ እያንዳንዷን ፊደል ለመጻፍ ተነባቢውን ከዛ አናባቢውን ነው ምንመታው፣ ሳድስ ብቻ ነው በአንድ ምት ሚወጣው። ስለዚህ ኤ፣ ኢ፣ ዩ፣ አይ፣ ኦ በሁለቱም ቋንቋ ተቀጥቅጠዋል፣ እንግሊዝኛው ተጨምሮ። ሥራ ፈት የሆነች ፊደል ብትኖር ቪ ናት፣ ከሰባት አመት በኋላ ዛሬም ሙሽራ መስላለች።


ቁቤ_ጸሐፊ
ማክሰኞ ጠዋት 2:20

ቪ፣ ፒ እና ዜድ ለውጭ ቃል ብቻ ነው እኛም ጋ። ሰዎች «ኤክስን ነቅለህ ሌላ ቦታ አድርጋት ማን ይነካታል» ይላሉ፣ እንዳትሰሚያቸው፣ ኤክስ ቁቤ ላይ ጥ ናት፣ ኪው ደግሞ ቅ፣ ሲ ጭ። እንደውም ሁዻ ምንላት የላይኛዋ ነጠላ ጭረት ያለችበት ቁልፍም እኔ ጋ ጠፍታለች።


ሳሎን_ሄርማታ
ማክሰኞ ከሰዓት 8:10

ሴቶች ባሉበት ቤት ይሄ ምን ያስጨንቃል 💅 ነጭ የጥፍር ቀለም ተጠቀሚ ሆዴ። እኔ የሳሎኔን ላፕቶፕ እንደሱ ነው ያደረግኩት አምስት ወር ሆነው። ግን በራሱ ብሩሽ እንዳትጽፊ ወፍራም ነው ድፍን ያደርገዋል። አይላይነር መቀቢያ ቀጭን ብሩሽ ወይ ስቲኪኒ ጫፉን በጥርስሽ ትንሽ አላምጠሽ ተጠቀሚ። ክዳን ላይ አንዲት ጠብታ ታደርጊና ከዛ እየነከርሽ። መጀመሪያ ቁልፉን በአልኮል ጥርግ አድርጊው ቅባቱ እንዲለቅ። ሲደርቅ ደግሞ ከላዩ ቶፕ ኮት፣ ያ ቀለም የሌለው ሚያብረቀርቀው፣ ስስ አድርገሽ አንዴ፣ ሲደርቅ ሌላ አንዴ። ዋናው መታገስ ነው፣ ከላይ የደረቀ ይመስላል ውስጡ አይደርቅም፣ እኔ ማታ ዘግቼ ስወጣ ቀብቼ ነው ጠዋት የነካሁት።

ከተበላሸ ደግሞ ዝም ብለሽ በ


ሳሎን_ሄርማታ
ማክሰኞ ከሰዓት 8:11

ቆረጠብኝ። ከተበላሸ ደግሞ በአሴቶን ጠርገሽ እንደገና መጀመር ነው


መርካቶ_ጥገና
ማክሰኞ ከሰዓት 8:14

ኧረ ኧረ ኧረ!! አሴቶን እንዳታስነኪው! እህቴ @ኮፒ_ቤቷ ይሄን ካየሽ ቁሚ። አሴቶን ኤቢኤስ ፕላስቲክን ያቀልጣል። ለጥፍር እንጂ ለቁልፍ አይሆንም። ከተበላሸ ሳይደርቅ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፣ ከደረቀ ደግሞ በእንጨት ነገር ቀስ ብለሽ ፋቂው።


ሳሎን_ሄርማታ
ማክሰኞ ከሰዓት 8:20

ውይ እኔ አላውቅም ነበር። እኔ ተበላሽቶብኝ ስለማያውቅ 😌


ደረጃ_ሦስት
ማክሰኞ ከሰዓት 8:37

እኔ አውቃለሁ በደንብ አድርጌ። ጥጥ በአሴቶን ነክሬ የኢ ቁልፍ ላይ ሳስኬደው ጥጡ ተጣብቆ ቀረ፣ ስስበው ከነፀጉሩ ተጋግሯል፣ አሁን የላፕቶፔ ኢ ጢም አላት። እሷን ልቀይር ብዬ ስነቅል ደግሞ ከስር ያለችው መቀስ መሳይ ቀጭን ፕላስቲክ ተሰበረች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። አሁን ከስር ያለችውን ጎማ በቀጥታ በጣቴ ነው ምጫነው፣ ኢ በመጣ ቁጥር ጠለቅ እላለሁ።


መርካቶ_ጥገና
ማክሰኞ ከሰዓት 8:50

@ደረጃ_ሦስት አይዞህ ወንድሜ ያቺን መቀስ ከስክራፕ ማግኘት ይቻላል፣ ሞዴሏን ላክልኝ። ላፕቶፕ ያላችሁ ሰዎች ስሙኝ፣ እኔ ከላይ ያልኩት የነቅሎ መትከል ነገር ለዴስክቶፕ ኪቦርድ ነው። የላፕቶፕ ቁልፍ በነዛ ቀጫጭን መቀሶች ላይ ነው ሚቆመው፣ የተወሰነው ከላይ የተወሰነው ከታች ነው ሚለቀው፣ እንደ ሞዴሉ ይለያያል፣ ሳያውቁ መንቀል አይሆንም። ለላፕቶፕ ሳይነቀል ሚሰራ ነገር ምረጡ። ደግሞ ከስሩ መብራት ያለው ከሆነ ፊደሉ ቀለም አይደለም፣ ብርሃን ሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ጥቁር ተቀብቶ በፊደሉ ቅርጽ የተፋቀ ነው። እሱ ሲያረጅ ፊደሉ አይጠፋም ጥቁሩ እየለቀቀ ይሰፋል እንጂ፣ እሱ ላይ የጥፍር ቀለም ከቀባችሁ መብራቱን ነው ምትደፍኑት።


ፕሎተር_ቤት
ማክሰኞ ማታ 1:05

ሰላም ነው፣ እኔ የማስታወቂያ ሥራ ነው ምሰራው፣ የታክሲና የባጃጅ ጽሁፍ ምንቆርጥበት ማሽን አለን። የስቲከር ቁራጭ ሁልጊዜ ይተርፋል ምንጥለው ነው። ነጩን ስቲከር በፊደል ቅርጽ ቆርጦ ማስወጣት ይቻላል ግን እንዲህ ትንንሽ ፊደል ማሽኑ ሲቆርጠው ይነሳበታል፣ ሞክሬው ነው ምልሽ። ሚሻለው ሙሉ ካሬ ነው፣ ጥቁር ላይ ነጭ ፊደል ታትሞ።

ግን ቆይ አንቺ ፎቶ ኮፒ ቤት ይዘሽ ስቲከር እኛን ትጠይቂናለሽ እንዴ 😂 ስቲከር ወረቀት ኤፎር አንድ ግዢ። ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ መሃል እስከ ሌላው መሃል 19 ሚሊ ነው፣ የቁልፉ የላይኛው ፊት ግን ከዛ ይጠባል፣ በማስመሪያ ለኪውና ከዛ አንድ አንድ ሚሊ በየጎኑ ቀንሺ። ጠርዝ ድረስ ከሄደ ጣት እየያዘ ያነሳዋል። ወርድ ላይ ቴብል ሰርተሽ ጥቁር ሙይው፣ ነጭ ቦልድ ፊደል፣ በሌዘር አውጪው። ኢንክጄት ከሆነ ላብ ሲነካው ይሟሟል። ከዛ ሳትቆርጪው በፊት ግልጽ ፕላስተር በላዩ ለጥፊ ከዛ ቁረጪ። አራቱን ማዕዘን ክብ አድርጊ፣ ይሄን አደራ፣ ሹል ማዕዘን ካለው በሳምንት ይቀነጠሳል።


ኮፒ_ቤቷ
ማክሰኞ ማታ 1:30

@ፕሎተር_ቤት 🙈🙈 እውነትም። ሌዘር ነው ያለኝ። ጅል መሆኔ ነው፣ የሰው መታወቂያ ስቲከር ሳወጣ እየዋልኩ ለራሴ አላሰብኩትም። ነገ እሞክራለሁ።


ጋሼ_ታይፒስት
ማክሰኞ ማታ 3:00

ልጆቼ እንደምን አመሻችሁ። እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ በኦሊቬቲ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በዚያን ጊዜ ፊደሉን መጀመሪያ ትመቱና ቅጥያውን ደግሞ በሌላ ቁልፍ ትጨምሩበታላችሁ፣ እጅ ካልለመደ ቀን ይመሻል። እኛን ያስተማሩን ሴትዮ እጃችንን በጨርቅ ሸፍነው ነበር የሚያስመቱን። ቁልቁል ያየ ሰው በማስመሪያ ጣቱን ይመታል።

ልጄ ለረዳትሽ ፊደል አትጻፊላት። ባዶውን ተዪላት። የኤፍና የጄ ቁልፍ ላይ ትንሽ ጉብ ያለች መስመር አለች፣ የሁለቱን እጆች ሌባ ጣት እዚያ ላይ ታስቀምጥ፣ ሌሎቹ ጣቶች በየቦታቸው ይወድቃሉ። በቀን ግማሽ ሰዓት ብትለማመድ በወር ውስጥ አንቺን ትቀድማለች።


ኮፒ_ቤቷ
ማክሰኞ ማታ 3:18

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለሷስ እውነትዎን ነው፣ ከነገ ጀምሮ አስለምዳታለሁ (በማስመሪያ ግን አልመታትም)። ለተማሪዎቹ ነው ያልሆነልኝ፣ ለሰዓት ሃያ ብር ከፍሎ የገባ ልጅ ጋ እጅህን ሸፍን ብለው ጥሎኝ ይሄዳል።


ጋሼ_ታይፒስት
ማክሰኞ ማታ 3:22

እሱስ ልክ ነሽ። የደንበኛ ነገር ነው።


ኮፒ_ቤቷ
እሁድ ማታ 1:15

ሰላም፣ የደረሰውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ረቡዕ ስቲከሩን አወጣሁ። እንደተባልኩት በሌዘር፣ ጥቁር ላይ ነጭ፣ ፕላስተር ከላይ፣ ማዕዘኑን ክብ አድርጌ በመቀስ። ቁልፎቹን ነቅዬ በለብታ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና አጠብኳቸው (ከስራቸው የወጣውን አልነግራችሁም፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ የስቴፕለር ሽቦ፣ የማላውቀው ሰው ጸጉር) ከዛ ፎጣ ላይ ደፍቼ አሳደርኳቸው። ዝናቡ ደግሞ ይዞን ነበር ሁለት ቀን አልደርቅ ብለው እግራቸው ውስጥ ውሃ ያዘ፣ በዛ ሁለት ቀን በአንዱ ኮምፒውተር ብቻ ሰራን። መጨረሻ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ አንድ አንዱን እያራገፍኩ ነው።

ስቲከሩ ሲለጠፍ ያምር ነበር አዲስ ነው ሚመስለው። አርብ ደህና ዋለ። ቅዳሜ አንዱ ልጅ ሪሰርቹን እያሰበ ይሁን ምን በጥፍሩ የኦን ጠርዝ ሲፍቅ አገኘሁት፣ እሱ አያውቀውም እጁ ነው ሚሰራው። ዛሬ ኦ እና ኢ ማዕዘናቸው ተነስቶ ከስር ጥቁር ቆሻሻ ይዘዋል። ኤ ላይ ደግሞ ፕላስተሩ ያንሸራትታል፣ እኔ ራሴ ኤ መሆኗን በጣቴ አላውቃትም፣ ሌላ ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ። ስቲከሩ ብዙም ለማይነኩ ቁልፎች ነው ሚሆነው፣ ብዙም የማይነኩት ደግሞ መጀመሪያም አልጠፉም 🤷‍♀️


መርካቶ_ጥገና
እሁድ ማታ 1:40

ነይ አልኩሽ እኮ። ነገ ጠዋት ነይ፣ ሞዴሉን አይቼዋለሁ ሁለት አለኝ የሱ ዘመድ።


ኪቶ_ልጅ
እሁድ ማታ 1:52

አንድ ቀልድ መሳይ ሀሳብ አለኝ። ቪ አልተነካችም አላችሁ አይደል? ቪን ገልብጧት። ኤ ትሆናለች፣ መሃሏ ላይ ያለችው ጭረት ነች ምትቀረው፣ እሷን በአንድ መስመር ትጨምሩባታላችሁ። ደብልዩን ስትገለብጧት ደግሞ ኤም 😎


ባለ_ጀበና
እሁድ ማታ 1:55

ዜድን በጎኗ ብታስተኛት ኤን ትሆናለች ኮ 🔥🔥 በዚህ አያያዝ ፊደል ፋብሪካ ልንከፍት ነው


መርካቶ_ጥገና
እሁድ ማታ 2:10

😂😂 ስቄ ልሞት። ግን ቆይ፣ ዜድን በጎኗ አይሆንም፣ የነዚህ ኪቦርዶች የቁልፍ እግር በአራቱም ጎን እኩል አይደለም፣ በጎን አይገባም። ሙሉ ለሙሉ መገልበጥ ግን በአንዳንዱ ይገባል በአንዳንዱ አይገባም። ችግሩ ሌላ ነው፣ የእያንዳንዱ ረድፍ ቁልፍ ከፍታውና ዝንባሌው ይለያያል፣ የታችኛው ረድፍ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል የላይኛው ወደ ሌላ፣ ቪን ከታችኛው ረድፍ አንስተሽ ገልብጠሽ መሃለኛው ላይ ስታስቀምጫት ጣት ላይ ትቆረቁራለች። ኪቦርዱ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን ምንም አይታወቅም። የሷ ጠፍጣፋ ቢጤ ነው።


ኮፒ_ቤቷ
ሰኞ ማታ 2:05

መርካቶ ሄድኩ። @ቁቤ_ጸሐፊ ነቢይ ነሽ ወይም ነህ። ወንድማችን ካርቶኑን ወለሉ ላይ ዘረገፈው፣ የኔ አይነቱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት፣ አንድም ሙሉ ኤ የለም! ወላሂ አንድም። ጥቁሩም ነጩም ግራጫውም፣ ኤ ቦታ ላይ ባዶ። አንዱ ላይ የኤ አንድ እግር ቀርቶ ነበር፣ እሱንም ልጁ «ይሄ ደህና ነው» ብሎ ሊሸጥልኝ 😂

ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ኤል እና ኤም ግን ከሁለቱ ዘመዶች አዋጥተን አገኘን፣ አንዱ ቀበሌ ይሁን የት ብዙም ያልሰራ ነበር። ኤን ደብዝዛለች ግን ትነበባለች። ስድስት ቁልፍ በ60 ብር፣ ተከላውን በነጻ፣ ቡና እኔ ጋበዝኩ።

ለኤ ምን አደረግን፣ ቪ! ከስክራፑ አንዷን ቪ ገልብጦ ሞከራት፣ ቀጭ ብላ ገባች። ፊደሏ የቁልፉ ግራ ጥግ ላይ የነበረችው ስትገለበጥ ታች ቀኝ ጥግ ሄደች እንጂ ደህና ናት። የመሃሏን ጭረት ጎማ ሻጮች ጎማ ላይ ሚጽፉበት ነጭ የቀለም ማርከር አለ አይደል፣ ጎረቤቱ ጋ ተበደረና በማስመሪያ ጠርዝ ጭር አደረጋት። ማታ ላይ @ሳሎን_ሄርማታ እንዳለችው ቶፕ ኮት ስስ አድርጌ ጭረቷ ላይ ብቻ ቀባሁ፣ ሙሉውን ቁልፍ አልቀባሁትም እንዳያንሸራትት።


ሳሎን_ሄርማታ
ሰኞ ማታ 2:20

👏👏 ዋጋዬን በቡና ነው ምቀበለው


ቁቤ_ጸሐፊ
ሰኞ ማታ 2:31

ነቢይ ነሽ ነው 😄 እኔም ነገ ቢሮ ስገባ ቪዬን ልፈልጋት ነው


ደረጃ_ሦስት
ማክሰኞ ጠዋት 3:00

የኔም መቀስ ተገኘች አቦ! ኢ ተመልሳ ቆማለች። ጢሟን ግን አልላጨሁም ትዝታ ነው


ሩቅ_አንባቢ
ከ3 ሳምንት በኋላ · ሐሙስ ማታ 2:45

ይሄን ክር ዛሬ ነው ያገኘሁት አጋሮ ነው ያለሁት፣ እኔም ጽሕፈት ቤት አለኝ። እህቴ ቪዋ እስካሁን አለች?


ኮፒ_ቤቷ
ሐሙስ ማታ 3:30

አለች። መሃሏ ያለችው ጭረት በሁለት ሳምንቷ ከአንድ ጎን መላጥ ጀመረች፣ ደግሜ ሰራኋት፣ ደቂቃ አይፈጅም ማርከሩን ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ከስክራፕ የመጡት አምስቱ ምንም አልሆኑም። ኤን ትንሽ ቆይታ ትሄዳለች ይመስለኛል። ረዳቴ ደግሞ ጋሼ እንዳሉት ኤፍና ጄ ላይ ጣቷን አስቀምጣ ትለማመዳለች፣ ገና ቀስ ብላ ነው ግን ቁልቁል ማየት ትታለች፣ እኔ ነኝ ፊደሉ ከተመለሰ ወዲህ ቁልቁል ማየት የጀመርኩት፣ ሰባት አመት ያላየሁትን።

ትናንት ደሞ አንድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ፣ ጭረቷ ተልጣ ባለችበት ሰዓት ነው፣ ብዙ አይቷት አይቷት «እህቴ ይሄ ኪቦርድ ላምዳ (የግሪኳ Λ) አለው እንዴ? እኔ ሪሰርቼ ላይ በኢንሰርት ሲምቦል ስፈልግ ነው የከረምኩት» አለኝ። ተጫናት አልኩት። ኤ ወጣችለት።


መርካቶ_ጥገና
ሐሙስ ማታ 3:41

😂😂😂 ሌላ ሦስት ቪ ለይቼ አስቀምጬልሻለሁ። @ሩቅ_አንባቢ አንተም ሞዴሉን ከጀርባው አንስተህ ላክልኝ፣ የአጋሮ ሚኒባስ ላይ እሰድልሃለሁ። ኤ ግን እንዳትጠይቀኝ።